ኪሎው ከ90 በላይ ለሆነ ሰው የትኛው የማዕበል ቦርድ ይሻላል? ባለ ብዙ ሊትር የዊንድሰርፍ ቦርዶች ሲነጻጸሩ

ኪሎው 90፣ 100 ወይ ከዛ በላይ የሆነ ሰው የማዕበል ቦርድ (ማዕበል ላይ ለመንዳት የተሰራ ባለ ሸራ የዊንድሰርፍ ቦርድ) ልግዛ ብሎ ሲነሳ የሚያየው ዝርዝር በሙሉ ለሌላ ሰው የተሰራ ነው የሚመስለው። አብዛኛው የማዕበል ቦርድ ከ70 እስከ 95 ሊትር (ሊትር የቦርዱ ይዘት ነው) ባለው ውስጥ ነው ያለው፣ "ይሄ ቶሎ ይነሳል፣ ይሄ ደሞ እንደፈለግከው ይታጠፋል" የሚለው አስተያየትም ብዙ ጊዜ 75 ወይ 80 ኪሎ ከሆነ ሰው የመጣ ነው። ምክር ሲጠየቅ ደሞ ሁለት መልስ ይመጣል፤ አንዱ "ትልቁን ሳይዝ ውሰድ በቃ" ይላል፣ ሌላው "ከ100 ሊትር በላይ ከሆነ የማዕበል ቦርድ አይባልም፣ አይታጠፍም" ይላል። ሁለቱም መልሶች ልክ አይደሉም። ቦርድ ትልቅ ነው ትንሽ ነው የሚባለው ላዩ ላይ ከሚቆመው ሰው ጋር ተያይዞ ነው፣ ለ75 ኪሎ ሰው እንደ በር የሚሰፋ ቦርድ ለ105 ኪሎ ሰው ልኩ ሊሆን ይችላል። ይሄን በቁጥር ማየት ስለሚቻል ከሱ እንጀምር።

መጀመሪያ ሊትሩን አስሉት

የባህር ውሃ ላይ 1 ሊትር ቦርድ 1.025 ኪሎ ገደማ ይሸከማል (ሀይቅ ላይ ልክ 1 ኪሎ)። የሚሸከመው ግን እናንተን ብቻ አይደለም፣ የራሱ የቦርዱ ክብደት አለ፣ ሸራው ከነማስቱና (ሸራውን ከሚያቆመው ምሰሶ) ከነቡሙ (በእጅ ከሚያዘው ዘንግ) አለ፣ ውሃ የጠጣ ዌትሱትና (የውሃ ልብስ) ሃርነስ (ሰውን ከቡሙ ጋር የሚያያይዝ ቀበቶ) አለ። ሰው ኪሎውን ብቻ ይዞ ሲያስብ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

እስቲ 105 ኪሎ ሰው እንውሰድ። ሰውየው 105፣ ዌትሱትና ሃርነስ 4፣ ቦርዱ 8፣ ሸራው ከነሙሉ ዕቃው 10፣ ድምሩ 127 ኪሎ። 112 ሊትር ቦርድ ባህር ላይ የሚያነሳው 115 አካባቢ ነው፣ ስለዚ ወደ 12 ኪሎ ይጎድለዋል፣ ማለትም ንፋሱ ሲሞት ቦርዱ ከስር ይሰምጣል፣ ሰውየው ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። አሁን 75 ኪሎ ሰው 80 ሊትር ቦርድ ላይ አስቡ። 75፣ 4፣ 7 እና 8 ሲደመር 94 ይመጣል፣ ቦርዱ የሚያነሳው 82 ነው፣ የሚጎድለው እሱም 12 ኪሎ። 80 ሊትር ለ75 ኪሎ ሰው ማንም የማይከራከርበት ጤነኛ የማዕበል ቦርድ ነው፣ በተንሳፋፊነት በኩል 112ቱም ለ105 ኪሎው ሰው ያው ነው። "መቶ አስራ ሁለት ሊትር? ምን ልትነዳ ነው?" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይሄን ሂሳብ አሳዩት።

ሂሳቡን ለሌሎች ኪሎዎች ብትሰሩት ለ90 ኪሎ ሰው 97 ሊትር፣ ለ100 ኪሎ 107፣ ለ115 ኪሎ ደሞ 122 አካባቢ ይመጣል። ባጭሩ ኪሎአችሁ ላይ 7 ደምሩ፣ ያ ዋተርስታርት (ውሃ ውስጥ ሆኖ በሸራው ጉልበት ቦርዱ ላይ መውጣት) አሳምሮ ለሚችልና ማዕበል ላይ ልምድ ላለው ሰው መነሻ ነው። ማዕበል ገና እየጀመራችሁ ከሆነ፣ ወይ የምትወጡበት ቦታ ዳሩ ላይ ንፋስ የማይደርስበት ከሆነ ከ15 እስከ 20 ደምሩ፣ ምክንያቱም ሸራውን በገመድ ከውሃ ስቦ መነሳት የሚያስፈልግበት ጊዜ ይመጣል። ሁሌ ኃይለኛ ንፋስ ባለበት የሚወጣ ጎበዝ ሰው ከኪሎው በታችም ሊወርድ ይችላል፣ ለብቸኛ ቦርድ ግን እሱን አልመክርም።

ሊትር ብቻውን ግን አይበቃም

ሁለት 110 ሊትር ቦርዶች ጎን ለጎን ሊቀመጡና ፍፁም የተለያየ ጠባይ ሊኖራቸው ይችላል። ሊትሩ ከየት መጣ ነው ጥያቄው። አንዱ 62 ሴንቲ ስፋት ኖሮት በውፍረቱ ሊሞላው ይችላል፣ ሌላው 66 ሴንቲ ሰፍቶ ቀጠን ሊል ይችላል። ሊትር የሚነግራችሁ ቆማችሁ ስትጠብቁ ምን ያህል እንደምትሰምጡ ነው፣ ስፋት ደሞ ሚዛናችሁንና ቦርዱ ቶሎ ፕሌን ማድረጉን (ውሃ መግፋቱን ትቶ ላዩ ላይ መንሸራተት መጀመሩን፣ "ቶሎ ይነሳል" የሚባለውን) ነው የሚነግራችሁ።

ከጠቅላላ ስፋቱ በላይ እኔ የማየው የጭራውን ስፋት ነው፣ ከጫፉ 30 ሴንቲ ገባ ብሎ የሚለካውን። ሰፊ ጭራ የኋላ እግር ሲጫነው ስለማይሰምጥ ከባድ ሰውን ቶሎ ያስነሳል፣ ግን ፍጥነት ሲጨምርና ውሃው ሲንቀጠቀጥ ከእግር ስር መዝለል ይጀምራል፣ ቦተም ተርን ላይም (ከማዕበሉ ግርጌ ወደላይ ለመመለስ የሚደረገው መታጠፍ ላይ) በጠርዙ መግባት እምቢ ይላል። ደስ የሚለው ነገር ከባድ ሰው የሚጫንበት ጉልበት ስላለው ቀላል ሰው መቆጣጠር ያቃተውን ጭራ በቀላሉ ያስገባዋል፣ ስለዚ አንድ ሁለት ሴንቲ ተጨማሪ ስፋት እናንተ ላይ ያን ያህል ጉዳት የለውም።

ከዛ ሮከር አለ፣ የታችኛው ገጽ ከአፍንጫ እስከ ጭራ ያለው ጉብጠት ማለት ነው። የበዛ ሮከር ማዕበል ላይ ቦርዱን እንደልብ ያዞራል፣ ቀጥ ያለው ደሞ ቶሎ ፕሌን ያደርጋል፣ ይሄን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ የማይወራው ግን ሮከር ከባድ ሰውን ከቀላሉ በላይ ማስከፈሉ ነው። እናንተን ከውሃው ለማንሳት ቀድሞውንም ብዙ ጉልበት ያስፈልጋል፣ ጉብጠቱ ሲበዛበት ያን ለማካካስ የምትጨምሩት ሸራ ነው፣ ግማሽ ስኩዌር ሜትር፣ አንዳንዴ ከዛም በላይ፣ ትልቅ ሸራ ደሞ ማዕበል ላይ ለእጅ ከባድ ነው። ሮከሩን ከዝርዝሩ ላይ አታገኙትም፣ በዓይን ነው የሚታየው። ቦርዱን ገልብጡትና ቀጥ ያለ ረጅም ጣውላ ወይ የአሉሚኒየም ዘንግ መሃሉ ላይ በርዝመቱ አስተኙበት፣ ከዛ ዝቅ ብላችሁ ከጎን እዩ። ዘንጉና ቦርዱ ተጣብቀው ብርሃን የማያሳልፉበት ቦታ ቀጥ ያለው ክፍል ነው። ያ ክፍል ከእግር ማሰሪያዎቹ ስር አልፎ ወደፊት ረዘም ካለ ቶሎ የሚነሳ ቦርድ ነው፣ አጥሮ ወዲያው ብርሃን ከታየ ማዕበል ላይ ለመጠምዘዝ የተሰራ ነው። ሁለት ቦርድ በዚህ መንገድ ካያችሁ ልዩነቱ ፍንትው ብሎ ይታያችኋል።

ጠርዙንም በእጃችሁ ያዙት። ብዙ ሊትር ሲፈለግ ቀላሉ መንገድ ጠርዙን ማወፈር ነው፣ ወፍራም ጠርዝ ያለው ቦርድ ግን ስትታጠፉ ውሃው ውስጥ ከመግባት ይልቅ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። የምትፈልጉት መሃሉ ላይ ጉብ ያለ ሆኖ ወደ ጠርዙ ሲሄድ የሚቀጥን ነው። ሊትሩ መሃል ላይ፣ ከእግራችሁ ስር ሲሆን ሳትንቀሳቀሱ ያንሳፍፋችኋል፣ ስትታጠፉ ደሞ አይቃወማችሁም። እኔ አንድ ነገር ብቻ አይተህ ምረጥ ብባል ይሄን ነው የማየው።

የፊን (ከጭራው ስር የሚተከለው ክንፍ) ነገር በአጭሩ፦ ባለ አንድ ፊን ቶሎ ያስነሳል ወደ ንፋሱም በደንብ ይወጣል፣ ባለ ሶስት (ትረስተር) መሃል ላይ ነው፣ ባለ አራት (ኳድ) ማዕበል ላይ ይይዛል ግን ቀስ ብሎ ነው የሚነሳ። ለከባድ ሰው ትረስተር ሆኖ የጎኖቹ ቀዳዳ ሊደፈን የሚችል ቦርድ ይመቻል፣ አንድ ቀን በሶስት ሌላ ቀን በአንድ ትልቅ ፊን መውጣት ይቻላል። ከቦርዱ ጋር የመጣው ፊን ሲያንሳችሁ ታውቁታላችሁ፣ የኋላ እግራችሁን ስትጫኑ ጭራው ወደ ጎን ያመልጣል። ያኔ የመሃሉን ፊን 2 ሴንቲ በሚረዝም ቀይሩት።

ጥንካሬ ላይ ትንሽ እንቆይ። ከባድ ሰው ቦርድ የሚሰብረው ሶስት ቦታ ነው፤ ተረከዝ የሚያርፍበት ቦታ ቀስ በቀስ ይለሰልሳል፣ አፍንጫው በማስትና በቡም ይመታል፣ ከማስት መሠረቱ እስከ ፊት ማሰሪያው ያለው ክፍል ደሞ ከዝላይ በኋላ ጠፍጣፋ ውሃ ላይ ሲያርፉ ይሰበራል። አብዛኛው ሞዴል ከአንድ በላይ አሰራር አለው፣ ቀለል ያለው ውድ ካርቦንና ጠንከር ያለው ርካሽ። ለ100 ኪሎ ሰው 400 ግራም ልዩነት ስሜቱ የለም፣ ሲለሰልስ ግን ቦርዱ ያበቃለታል። ገንዘባችሁን ለቅለት አትክፈሉ፣ ተረከዙ ስር ድርብ ሽፋን እንዳለው ጠይቁ።

የእግር ማሰሪያውንም ሳትረሱ። ከባድ ሰው ብዙ ጊዜ እግሩም ትልቅ ነው፣ ጫማ ሲጨመርበት የባሰ፣ ማሰሪያው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ እግራችሁ ግማሹ ካልገባ ቦርዱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን አትቆጣጠሩትም። በፊትና በኋላ ማሰሪያ መካከል ያለው ርቀትም ለረጅም ሰው ከጠበበ ጉልበት ይጎዳል።

አማራጮቹ

*የእውነት የማዕበል ቦርድ፣ በትልቁ ሳይዝ።* ብዙ አምራቾች 100 ሊትር አካባቢ ያቆማሉ፣ ጥቂቶቹ እስከ 110 ገደማ ይሄዳሉ። ስፋቱ ከ60 እስከ 63 ሴንቲ፣ ርዝመቱ 225 እና 230 አካባቢ፣ ሸራ ከ4.5 እስከ 5.8 ስኩዌር ሜትር። ሮከሩ በዛ ያለ ስለሆነ ንፋሱ ቋሚ ካልሆነ ያስቸግራል፣ ማዕበሉ ላይ ከወጣችሁ በኋላ ግን ምንም የሚወዳደረው የለም፣ ቁልቁል ስትወርዱ አፍንጫው ውሃ ውስጥ አይሰካም፣ በመሃል ሀሳባችሁን ብትቀይሩ ይከተላችኋል። ከ90 እስከ 103 ኪሎ ያላችሁና ንፋሱ ከጎን የሚነፍስ፣ ማዕበሉም ንጹህ የሆነበት ቦታ የምትወጡ ከሆነ ሌላ ነገር አትፈልጉ። ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፣ አንዳንዱ ትልቅ ሳይዝ የትንሹን ቅርጽ በሁሉም አቅጣጫ አሳብጦ የተሰራ ነው፣ ጠርዙም አብሮ ያብጣል። ከላይ ያልኩትን የእጅ ምርመራ እዚህ ላይ አትዝለሉት።

*አጭርና ሰፋ ያለው የማዕበል ቦርድ።* ርዝመቱ ከ220 አይበልጥም ወይ በጥቂት ብቻ ያልፋል፣ ጎኖቹ ትይዩ ናቸው፣ አፍንጫው ደንደን ያለ ነው፣ ሮከሩ ቀጥ ይላል፣ መታጠፉን የሚያመጣው ከአጭርነቱና ከፊኖቹ ነው። ንፋስ ከባህር ወደ ዳር በሚነፍስበት፣ ማዕበሉ የተዘበራረቀና ጉልበት የሌለው በሆነበት ቦታ ለከባድ ሰው በጣም የሚያዋጣው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። እንደዚህ አይነት ቦታ ትልቁ ፈተና መውጣቱ ነው፤ ማዕበል ተሰብሮ አረፋው ወደናንተ ይመጣል፣ ንፋሱ በዛች ሰከንድ ይደክማል፣ ቦርዱ ከስራችሁ መስመጥ ይጀምራል፣ አረፋው ሲደርስ የሰመጠ ቦርድ ላይ ያለ ሰው ወደ ዳር ተጠርጎ ይመለሳል። ሰፋ ያለው ቦርድ ያችን ሰከንድ ያሻግራችኋል፣ አረፋውን ካለፈ በኋላም ቶሎ ፍጥነቱን መልሶ ያገኛል። ድክመቱ ማዕበሉ ትልቅና ቀጥ ያለ ገደል ሲሆን ነው፣ ያ ሰፊ አፍንጫ ውሃ ይይዛል፣ ኃይለኛ ንፋስ ላይም ይዘላል።

*ፍሪዌቭ።* በማዕበል ቦርድና ለጠፍጣፋ ውሃ በተሰራ ቦርድ መካከል ያለ ነው። እንደ ታቡ 3ኤስ፣ ፋናቲክ ፍሪዌቭ፣ ሰቨርን ዳይኖ ያሉት እዚህ ይመደባሉ። 105፣ 115 ሊትር እና ከዛም በላይ በቀላሉ ይገኛል፣ ስፋቱ ከ64 እስከ 68፣ ሸራ እስከ 6.5 ገደማ ይሸከማል። ማዕበል በሌለበት ቀን ዝም ብሎ ወዲያ ወዲህ ለመሮጥም ይሆናል፣ ለመዝለልም ይሆናል። እስከ ሰው ቁመት ያለ ማዕበል ላይ ያለችግር ትነዱታላችሁ፣ ግን መታጠፊያው ረዘም ያለ ነው፣ ጠባብ ቦታ ላይ አዙሩኝ አይልም፣ ጭራውም ፍጥነት ሲበዛ ጫን ብላችሁ መያዝ አለባችሁ። አንድ ቦርድ ብቻ ለሚገዛ ከ100 ኪሎ በላይ ሰው ብዙ ጊዜ መልሱ ይሄ ነው። ከጓደኞቻችሁ አንዱ "እሱ የማዕበል ቦርድ አይደለም" ቢላችሁ አትስሙት፣ 110 ኪሎ ሰው ሲጫነው ጠርዙ በደንብ ነው የሚገባው።

*በትዕዛዝ የሚሰራ።* ከ110 ኪሎ በላይ ከሆናችሁና ማዕበል ዋናው ነገራችሁ ከሆነ የፋብሪካ ዝርዝር ውስጥ የሚሆናችሁን ማግኘት ከባድ ነው፣ 120 ሊትር ሆኖ ጠርዙ ቀጭን የሆነ ቦርድ ከሼፐር (ቦርድ በእጁ ቀርጾ ከሚሰራ ባለሙያ) ጋር ተነጋግሮ ማሰራት ነው። ስትነጋገሩ ኪሎአችሁን ሳትቀንሱ ተናገሩ፣ የእግራችሁን ቁጥር፣ ብዙ የምትጠቀሙበትን ሸራ፣ ንፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ንገሩት፣ ማሰሪያው ስር ተጨማሪ ካርቦን አስጨምሩ። ያለው ጉዳት መጠበቅ አለ፣ ሳትሞክሩ ትከፍላላችሁ፣ ስትሸጡትም ገዢው ጥቂት ነው።

*ማስት የሚተከልበት የማዕበል ሳፕ።* ይሄ በመቅዘፊያ የሚነዳው የቁም ቦርድ ነው፣ ጠንካራው እንጂ በአየር የሚነፋው አይደለም፣ ከ120 እስከ 150 ሊትር ሆኖ መሃሉ ላይ የማስት ማሰሪያ ያለው። ፕሌን አያደርግም ብላችሁ ተቀበሉት። ግን ከ8 እስከ 12 ኖት (የንፋስ ፍጥነት መለኪያ) ባለ ቀላል ንፋስ፣ ሌላው ሁሉ ዳር ተቀምጦ በሚጠብቅበት ቀን፣ ንጹህ ማዕበል ላይ ያስገባችኋል። ሁለተኛ ቦርድ ነው፣ እንደ መጀመሪያ አይታሰብም።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| አማራጭ | ሊትር | ቶሎ መነሳት | ማዕበል ላይ መታጠፍ | በማን ኪሎ ይሻላል | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| የእውነት የማዕበል ቦርድ (ትልቁ) | 100–110 | መካከለኛ | በጣም ጥሩ | 90–103 | ከፍ ያለ፣ ያገለገለ ትልቅ ሳይዝ እምብዛም |
| አጭርና ሰፊ | 95–110 | ጥሩ | ጥሩ፣ ትልቅ ማዕበል ላይ ይቀንሳል | 90–105 | ከፍ ያለ |
| ፍሪዌቭ | 105–120 | በጣም ጥሩ | መካከለኛ | 95–115 | ያገለገለ በብዛት ይገኛል |
| በትዕዛዝ | እንደፈለጋችሁ | እንደ ንድፉ | እንደ ንድፉ | ከ110 በላይ | ብዙ ጊዜ ከሁሉም በላይ |
| ማስት ያለው ሳፕ | 120–150 | አያደርግም | ረጅምና ቀርፋፋ | ማንኛውም | መካከለኛ |

ለማን የቱ

ማዕበል ገና እየጀመረ ያለ 100 ኪሎ ሰው 115 ሊትር ፍሪዌቭ ይውሰድ፣ ያገለገለ ቢሆን ይመረጣል፣ መጀመሪያ ላይ መመታቱ አይቀርምና። 95 ኪሎ የሆነና አሪፍ የሚነዳ ሰው፣ ንፋስ ከጎን የሚመጣበት ቦታ ያለው፣ 100 ወይ 103 ሊትር የእውነት የማዕበል ቦርድ። ያው ሰው ንፋሱ ከባህር ወደ ዳር የሚነፍስበት ቦታ ላይ ከሆነ አጭሩን ሰፊ ይውሰድ፣ ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን ያየዋል። 115 ኪሎ ሆኖ በጀቱ የተወሰነ ከሆነ የጎን ፊን ቀዳዳ ያለው ትልቅ ፍሪዌቭ ወስዶ ፊኑን ወደ ትረስተር መቀየር፣ በጀት ካለ ማሰራት። ሁለት ቦርድ መያዝ የሚችል ደሞ 115 ፍሪዌቭ ለ6.0 ሸራ፣ ከኪሎው እኩል ወይ ትንሽ ያነሰ የማዕበል ቦርድ ለ5.0 እና ከዛ በታች። ሁለቱ እርስ በርስ ከ12 ሊትር በታች ከተቀራረቡ አንዱ ሁሌ ቤት ነው የሚቀረው።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። አምራቹ 7.5 ኪሎ ያለው ቦርድ ያለ ፊንና ያለ ማሰሪያ 9 ከመዘነ ውሃ ጠጥቷል፣ ውስጡ ያለው ፎም አንዴ ውሃ ከያዘ ማድረቁ ረጅም ስራ ነው። ተረከዝ የሚያርፍበትን ቦታ በአውራ ጣት ተጫኑት፣ ከዛ በጣታችሁ መገጣጠሚያ እያንኳኳችሁ ከመሃል ወደ ጠርዝ ሂዱ፣ ጥርት ያለው ድምፅ ድንገት ሲደፈንባችሁ እዛ ጋ ሽፋኑ ከፎሙ ተላቋል። የፊን ሳጥኑ ዙሪያና የማስት መሠረቱ ዙሪያ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካለ፣ ሻጩ "የቀለም ነው" ቢልም፣ ዋጋውን እንደ ጥገና ቦርድ ተነጋገሩ። የአየር ማስተንፈሻዋ ብሎን ከነጎማዋ መኖሯንም እዩ።

ቦርዱ ከተገዛ በኋላ መጀመሪያ የምትወጡበት ቀን የማስት መሠረቱን ከሚንሸራተትበት ቦይ መሃል ላይ አድርጉት። አፍንጫው ከመጠን በላይ ከዘለለ 1 ወይ 2 ሴንቲ ወደፊት፣ ቦርዱ ግትር ብሎ አልታጠፍ ካለ ያንኑ ያህል ወደኋላ። አንድ ነገር ብቻ ነው በአንዴ የሚቀየረው፣ ፊኑንም ማስቱንም አንድ ላይ ከነካካችሁ የቱ እንደረዳችሁ አታውቁም።